ጢም ያበቀለች ሕፃን

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ አስከሬኑ ኮሪደሩ ላይ ነበር፤ ነጭ ጋዋን ጣል አድርገውበታል። ከጋዋኑ ጫፍ አንድ ጫማ ብቅ ብሏል፤ ተረከዙ በአንድ ወገን ተበልቶ ያለቀ፣ ዕድሜ ልኩን ጠረጴዛ ፊት ቆሞ የኖረ ሰው ጫማ።

«ከክፍሉ ማን አወጣቸው?» ስትል ጠየቀች።

«እኔ» አለች ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ የተቀመጠች ሴት። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። «ትንፋሼን ይዤ ገባሁ፤ በብብታቸው ይዤ ጎተትኳቸው። ሞተዋል አላልኩም። አሁንም ማለት አልቻልኩም።»

ሟቿ የዚህ የወተት ከብት ምርምር ጣቢያ የላቦራቶሪ ኃላፊ ነበሩ፤ ሰው ሁሉ «ዶክተሯ» ይላቸዋል። መሬት ላይ የተቀመጠችው ረዳታቸው፣ ላቦራንቷ ናት። ዶክተሯ የሞቱበት ክፍል ከኮሪደሩ ጫፍ ያለው ጠባብ ክፍል ነው፤ መስኮት የለውም፣ ማራገቢያው ከተበላሸ ወር አልፎታል። በውስጡ በፈሳሽ ናይትሮጅን የቀዘቀዙ ናሙናዎች የሚቀመጡባቸው ሦስት ትናንሽ ታንኮችና እነሱን የሚሞላ አንድ ትልቅ ታንክ አሉ። ትልቁ ታንክ ባዶ ነበር፤ መክፈቻው እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። ናይትሮጅን ተንኖ ክፍሉን ሲሞላ አየሩን ያስወጣል፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ አያስል፣ አያንቅ። ጎንበስ ብሎ ሁለት ጊዜ የተነፈሰ ሰው ሦስተኛውን አይተነፍስም።

የጣቢያው ዳይሬክተር ወፍራም ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ ሰዓታቸውን ያያሉ።

«ነገሩ ግልጽ ነው፣ ኢንስፔክተር» አሉ። «ጠዋት ታንኮቹን የሞላችው ላቦራንቷ ናት። መክፈቻውን ሳትዘጋ ወጣች። በዚያ ላይ ትናንት ከሟቿ ጋር ሲጨቃጨቁ ግቢው ሰምቷል። ቸልተኝነት ነው ወይስ ቂም? እሱን እናንተ ታውቃላችሁ።»

«ማስጠንቀቂያ የለውም እንዴ ክፍሉ?»

«አለው። በሩ አጠገብ ተሰቅሏል። አየር ሲያንስ ይጮኻል። ባትሪ የለውም።»

«ባትሪው የት ሄደ?»

«እኔ ባትሪ ጠባቂ ነኝ?»

ኢንስፔክተሯ ወደ ማስጠንቀቂያው ሄዳ ክፍት ሆዱን አየችና የማስታወሻ ደብተሯን አወጣች። ባልደረቦቿ በሌለችበት «መዥገር» ይሏታል። ታውቃለች፤ ስሙንም አልጠላችውም። መዥገር አይሮጥም፣ አይጮኽም፤ ከያዘ ግን እስኪጠግብ አይለቅም።

ስልኳ ጠራ። አለቃዋ ነው።

«ዳይሬክተሩ ደውለውልኝ ነበር» አለ። «ጉዳዩ ያለቀ ነው። ልጅቷን ይዘሽ ነይ።»

«ገና አላየሁም፣ ጌታዬ።»

«ምኑን ነው የምታዪው? እስከ ነገ ስድስት ሰዓት። ከዚያ እኔ ራሴ ሰው እልካለሁ።»

«እሺ፣ ነገ ስድስት ሰዓት» አለችና ስልኩን ዘጋች። ከሥሯ ላቦራንቷ ቀና ብላ ታያታለች።

«ሰምቻለሁ» አለች ላቦራንቷ። «ካቴናውን አሁኑኑ ማምጣት ይችላሉ። ግን አልፈርምም። መክፈቻውን በእጄ ዘግቼ ወጥቻለሁ፤ ሺህ ጊዜ ቢጠይቁኝ ሺህ ጊዜ ይኸው ነው።»

«ተነሽ» አለቻት ኢንስፔክተሯ። «መሬቱ ይቀዘቅዛል። ክፍላችሁን አሳዪኝ።»

*

ላቦራቶሪው ንጹሕ ነበር። እያንዳንዱ ብልቃጥ፣ እያንዳንዱ ሳጥን፣ መቀሱ ሳይቀር ከታች በቀይ ቀለም ቁጥርና ቀን ተጽፎበታል። ኢንስፔክተሯ የላቦራንቷን እጅ አየች፤ ከጋዋኗ ኪስ የቀይ ጥፍር ቀለም ጠርሙስ አንገቱን አውጥቷል፣ ጥፍሮቿ ግን አልተቀቡም።

«በጥፍር ቀለም ነው የምትጽፊው?»

«ናይትሮጅን ሌላውን ቀለም ሁሉ ያራግፈዋል። ይሄ አይለቅም።» ትከሻዋን ነቀነቀች። «ምልክት ያላደረግሁበት ነገር እዚህ የለም። ከአባቴ የወረስኩት ነው። እዚያ ማዶ በረቱን የሚጠብቁት ሽማግሌ አባቴ ናቸው፤ የጊደሮቹ ጆሮ ላይ ቁጥር ሳያደርጉ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ዳይሬክተሩ 'የከብት ጠባቂ ልጅ' የሚሉኝ ለዚህ ነው።»

«ከዶክተሯ ጋር ለምን ተጣላችሁ?»

ላቦራንቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም።

«ትምህርት ልሂድ አልሂድ በሚል። 'ሂጂ፣ እዚህ የእኔ እጅ ሆነሽ አትቅሪ' ይላሉ። እኔ ሥራው ሳያልቅ አልሄድም አልኩ። የጮኹት እሳቸው ናቸው፤ እኔም ጮህኩ። እናትና ልጅም ይጯጯሃሉ።»

ማይክሮስኮፑ ላይ አንድ የመስተዋት ስላይድ እንደተቀመጠ ነበር። ከጎኑ የዶክተሯ ደብተር ተከፍቷል። የመጨረሻው መስመር በእርሳስ የተጻፈ ነው፦ *ቁጥር ፲፯። ሕፃኗ ጢም አብቅላለች!*

«ይሄ ምን ማለት ነው?»

«አላውቅም። ሲጽፉት በረት ነበርኩ። ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ከአባቴ ጋር ጊደሮቹን ስንለካ ነበር።»

«እስቲ ስላይዱን እዪው።»

ላቦራንቷ ጎንበስ ብላ አየች። አንድ ጊዜ ቀና አለች፣ የስላይዱን ቁጥር አነበበች፣ ደግማ ጎንበስ አለች። ጀርባዋ ሲደርቅ ኢንስፔክተሯ ከኋላ ሆና አየችው።

«ይሄ የእኛ አይደለም» አለች።

«ቁጥሩ የእናንተ ነው።»

«ቁጥሩ የእኔ ነው። ሥጋው ግን የእኛ ጊደር አይደለም።» ወንበር ሳበች። «ይቀመጡ። ሳያውቁት አይገባዎትም።»

ኢንስፔክተሯ ተቀመጠች።

«ጊደር ስትወለድ ግቷ ባዶ ማለት ይቻላል» አለች ላቦራንቷ። «የስብ ፍራሽ አለ፤ በመሐሉ ቀጫጭን የቱቦ ቡቃያዎች። ከዚያ ዕድሜዋ ሲደርስ እንቁላል ቤቷ ኢስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን ይልካል። እሱ ደብዳቤ ነው ይበሉት። የስቡ ሴሎች ይቀበሉታል፣ በራሳቸው ቋንቋ ለጎረቤቶቻቸው ያስተላልፉታል፣ ቱቦዎቹ ይሰማሉ፣ ቅርንጫፍ ያወጣሉ። ቱቦ ብቻ ነው! ወተቱን የሚሠሩት ከረጢቶች ሁለተኛ ደብዳቤ ይጠብቃሉ፤ እሱ ደግሞ የሚጻፈው ስታረግዝ ነው። ያልተጻፈ ደብዳቤ መልስ የለውም።»

«እና ቁጥር አሥራ ሰባት?»

«የአሥር ወር ጊደር ናት። ኮርማ አይታ አታውቅም። ይሄ ስላይድ ግን በከረጢት የተሞላ ነው፤ እንደ ወይን ዘለላ።»

ኢንስፔክተሯ ደብተሩን እንደገና አየች። ሕፃን፤ ጢም።

«ስለዚህ አንድ ሰው ናሙናውን ቀይሮታል።»

«ዶክተሯም የደረሱበት ይሄ ነው» አለች ላቦራንቷ ድምፅዋ ዝግ ብሎ። «ጠዋት ሦስታችን በነበርንበት፣ ለእኔ፣ ለዳይሬክተሩና ለመኖ ባለሙያው፣ 'ከቁጥር አሥራ ሰባት ጀምሬ እያየሁ ነው፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ታንኩን ከፍቼ የቀሩትን ናሙናዎች አንድ በአንድ አወጣለሁ' ብለው ነበር።»

«ናሙናውን መቀየር ማን ይጠቅማል?»

ላቦራንቷ ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር።

«አሥር ጊደሮች ድርቆሽ በልተዋል። አሥሩ ደግሞ የጣቢያውን አዲሱን ብርቱ መኖ። የብርቱ መኖ ጊደሮች ይደልባሉ፣ ያምራሉ፣ ቶሎ ያድጋሉ። ስቡ ግን ከልክ ሲያልፍ መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ቱቦዎቹ አይሰሙም። የዛሬ ሁለት ዓመት ይወልዱና ወተት የለም። የእኛ ውጤት ወደዚያ እያመራ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ግን መኖው ለገበሬው ሁሉ እንዲሰራጭ ይጸድቃል።»

*

የመኖ ባለሙያው ከመጋዘኑ በር ላይ ተቀበላት። ቀጭን፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው፤ ዓይኑ ከልቅሶ ቀልቷል። በእጁ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ይዟል፤ ጫፉን ጆንያ ውስጥ እየሰካ በመስኮቱ ላይ የሚወጣውን ቁጥር ይጽፋል።

«ይቅርታ እህቴ፣ እጄን ሥራ ካላስያዝኩት ይንቀጠቀጣል» አለ። «አሥር ዓመት አብረን ሠራን። ሻይ ላምጣልሽ?»

«አመሰግናለሁ፣ አይቸገሩ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ዶክተሯ ከመግባታቸው አንድ ሰዓት በፊት፣ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ብቻዬን። የጆንያዎቹን እርጥበት ስለካ ነበር።» አንገቱን ደፋ። «ልጅቷን አትያዟት። ሰው ይሳሳታል። ደክሟት ረስታ ሊሆን ይችላል።»

«ዳይሬክተሩ መኖው የእሳቸው ሥራ ነው አሉኝ።»

«ስማቸው ጆንያው ላይ አለ» አለ ባለሙያው ፈገግ ብሎ። ፈገግታው ቶሎ ጠፋ። «ቀመሩ ግን የእኔ ነው። አሥር ዓመት።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ላቦራቶሪው ወሰደችው። «እኔ የከብት ነገር አላውቅም፤ እስቲ ይሄን ይዩልኝና ጥሩ ይሁን መጥፎ ይንገሩኝ» አለችው።

ባለሙያው አየ። ብዙ አልቆየም።

«ተመልከቺ!» አለ ቀና ሲል ፊቱ በርቶ። «እነዚህ ክብ ክቦቹ የወተት ከረጢቶች ናቸው። በአሥር ወሯ እንዲህ የሞላች ጊደር! ይሄ እኮ የመኖው ሥራ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና ዶክተሯ ይጠራጠሩ ነበር። ይኸው ራሳቸው ያዘጋጁት ስላይድ መለሰላቸው።»

«ጥሩ ነው ማለት ነው?»

«ከጥሩም በላይ።»

ኢንስፔክተሯ አመስግና ሸኘችው፤ በደብተሯ ላይ አንድ ቃል ጽፋ ከሥሩ አሰመረች።

ለዳይሬክተሩ ስላይዱን ለማሳየት ግን ግማሽ ሰዓት ፈጀ። «እኔ ስብሰባ አለብኝ»፣ «እኔ ተከሳሽ ነኝ?»፣ «አለቃሽ ይህን ያውቃል?» በመጨረሻ እየነጫነጩ ጎንበስ አሉ። በትምህርታቸው የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ሲነሱ ሰዓታቸውን ማየት ረስተው ነበር።

«ይሄ... ቁጥሩ ተሳስቶ ነው» አሉ። «እርጉዝ ላም ናት። ስድስት፣ ሰባት ወር። የልጅቷ ዝርክርክነት! ይሄን ስላይድ ለእኔ ስጪኝ።»

«ለምን?»

«የጣቢያው ንብረት ነው!»

«የሟች ሰው የመጨረሻ ሥራ ነው» አለችና ስላይዱን ኪሷ ከተተችው።

*

በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ የበረቱን ቆርቆሮ ስታሞቅ ኢንስፔክተሯ ከሽማግሌው ጋር አጥር ተደግፋ ቆማ ነበር። የላቦራንቷ አባት አጭር፣ ክርናቸው የጠነከረ፣ ጢማቸው በጭድ የተሞላ ሰው ናቸው።

«አንቺ ነሽ መዥገር የሚሉሽ?» አሏት።

«ማን ነገርዎት?»

«ሾፌርሽ። እኛ እዚህ መዥገርን በመድኃኒት ነው የምናራግፈው።»

«አለቃዬም መድኃኒት እየፈለገልኝ ነው፣ አባባ።»

ሽማግሌው ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። «ልጄን ልትወስጃት ነው።»

«እስከ ስድስት ሰዓት ጊዜ አለኝ።»

«አህያውን ፈርተው ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው። እኔ የተማርኩ አይደለሁም። እሷን ግን በዚህ እጄ አሳድጌያታለሁ። ያቺ ልጅ በር ሳትዘጋ ወጥታ አታውቅም። አንድ ቀን አንዲት ጊደር አምልጣባት ሦስት ቀን እህል አልበላም ብላለች።»

«ትናንት ጠዋት ምን ሰሙ?»

«ጫጩቷን ሰማኋት።»

«ጫጩት?»

«ያቺ የክፍሉ ማስጠንቀቂያ። ልጄ ታንክ በሞላች ቁጥር ጩ ጩ ጩ ትላለች፤ እዚህ ድረስ ይሰማል፤ ጊደሮቼን ታስደነግጥብኛለች። ሦስት ሰዓት ላይ ጮኸች። ልጄ ዘግታ ስትወጣ ዝም አለች። ከዚያ ወዲያ ድምጿን አልሰማሁም።»

ኢንስፔክተሯ አጥሩን ለቀቀች። «ሦስት ሰዓት ላይ ባትሪ ነበራት ማለት ነው።»

«ያለ ባትሪማ በምን ትጮኻለች? ባትሪ እዚህ ግቢ እንደ ወርቅ ነው፤ አንዱ ከአንዱ ይለምናል። የመኖው ሰው መለኪያ ሳምንቱን ሙሉ ሞቶ ነበር። ድርቆሹን በእጄ ጨምቄ ነበር እርጥበቱን የምነግረው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው ነፍስ የዘራው፤ እሱም ደስ ብሎት ሲለካ ዋለ።»

ኢንስፔክተሯ ደብተሯን አውጥታ ጻፈች። አንዲት ጊደር መጥታ እጅጌዋን ላሰች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ አባባ። በቅርቡ እርጉዝ ጊደር ሞታባችሁ ነበር?»

ሽማግሌው ገርሟቸው አዩዋት። «ያለፈው ሳምንት። እግሯ ተሰብሮ አረድናት። የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች፤ አንጀቴ ነው የተቆረጠው። የመኖው ሰው ጨጓራዋን ለምርመራ ብሎ ወሰደ። የቀረውን ልቀብር ስመለስ ግቷ ተቆርጦ ሄዷል። ውሻ ነው ብዬ ነበር።» ጢማቸውን ሳብ አደረጉ። «ውሻ ግን በቢላ አይቆርጥም።»

*

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አምስቱም በረት ውስጥ ቆሙ፤ ኢንስፔክተሯ፣ ዳይሬክተሩ፣ የመኖ ባለሙያው፣ ላቦራንቷና አባቷ። ዳይሬክተሩ ጫማቸው እበት እንዳይነካ በእግር ጣት ቆመዋል።

«ለምን ቢሮ አይሆንም?» አሉ።

«ምስክሯ ቢሮ አትገባም» አለች ኢንስፔክተሯ ወደ ቁጥር አሥራ ሰባት እየጠቆመች። ጊደሯ ወፍራም፣ ጠጉሯ የሚያብለጨልጭ፣ ግቷ ጎልቶ የወጣ ነበረች። «አባባ፣ ግቷን በእጅዎ ይዳስሱና ምን እንዳለ ይንገሩን።»

ሽማግሌው ተንበረከኩ፤ እጃቸውን በጊደሯ ሆድ ሥር አስገቡ። ጊደሯ አልተንቀሳቀሰችም።

«ጮማ» አሉ። «ጮማ ብቻ። ውስጡ እንደ ገመድ የሚቋጠር ነገር መኖር ነበረበት። የለም። ለዶክተሯም ከወር በፊት ይሄንኑ ነግሬያቸዋለሁ።»

«የሽማግሌ እጅ ሳይንስ ሆነ እንግዲህ!» አሉ ዳይሬክተሩ።

«ዶክተሯ ሳይንስ ነው ብለው ተቀብለውታል» አለች ላቦራንቷ። «እርስዎ ግን ከእበት ይሸሻሉ።»

ኢንስፔክተሯ እጇን አነሳች።

«በቅደም ተከተል እንሂድ። መጀመሪያ፤ ላቦራንቷ መክፈቻውን ረስታ ወጣች ተብሏል። ማስጠንቀቂያው ሦስት ሰዓት ላይ ጮኾ፣ ስትዘጋ ዝም ብሏል። ረስታ ቢሆን ኖሮ እስኪደክመው ይጮኽ ነበር። ስለዚህ ዘግታለች። ባትሪውን ያወጣና መክፈቻውን የከፈተ ሰው ከእሷ በኋላ ገብቷል።»

«ራሷ ተመልሳ መጥታስ?» አለ የመኖ ባለሙያው በለስላሳ ድምፅ። «ይቅርታ፤ እኔ ልከሳት ሳይሆን...»

«ጥሩ ጥያቄ ነው። ታንኩ ተሟጦ እስኪያልቅ አርባ ደቂቃ ይፈጃል፤ የቅዝቃዜው ጉም ጠፍቶ ክፍሉ ባዶ እስኪመስል ጥቂት ይጨምራል፤ ዶክተሯ የገቡት ደግሞ ስድስት ተኩል ላይ ነው። ስለዚህ አምስት ተኩል አካባቢ ተከፍቷል። ያኔ እሷ እዚህ ነበረች። ምስክሯ አባቷ ስለሆኑ አትመኗቸው እንበል። ስለዚህ ሌላ ምስክር እጠራለሁ።» ስላይዱን ከኪሷ አወጣች። «ዶክተሯ የተገደሉት ናሙናዎቹ መቀየራቸውን ስላወቁ ነው። የገደላቸው ናሙናውን የቀየረው ነው። ማን ቀየረው? ይህን ስላይድ ለሦስት ሰው አሳየሁ። ላቦራንቷ እንዳየችው 'የእኛ ጊደር አይደለም' አለች። ዳይሬክተሩ 'እርጉዝ ናት' አሉ፤ ከዚያ ሊደብቁት ፈለጉ።»

«የጣቢያውን ስም ለማዳን ነው!» አሉ ዳይሬክተሩ ላብ ላብ እያላቸው።

«አውቃለሁ። ማራገቢያውንም አንድ ወር ያላሠሩት እርስዎ ነዎት፤ ለዚያ ሌላ ቀን እንነጋገራለን። አሁን ግን አስቡት። የግት ነገር የሚያውቅ ሰው ውጤት ማጭበርበር ቢፈልግ የድርቆሽ በሊዎቹን ጊደሮች ናሙና ወስዶ ቁጥር ይለውጣል፤ ዕድሜያቸው እኩል ነው፣ ማንም አይነቃም። ላቦራንቷ ይህን በአምስት ደቂቃ ትሠራዋለች። ዳይሬክተሩም ያውቁታል። የሰባት ወር እርጉዝ ግት ቆርጦ በአሥር ወር ጊደር ስም ማስቀመጥ ሕፃን ላይ ጢም መለጠፍ ነው። ይህን የሚሠራው ብዙ ከረጢት ማለት ብዙ ወተት ነው ብሎ የሚያምን፣ መኖ የሚያውቅ፣ የሴልን ንግግር ግን የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።» ወደ ባለሙያው ዞረች። «እርስዎ አይተው 'ከጥሩም በላይ' አሉኝ።»

ባለሙያው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«አልተረዳሁም ማለት ገደልኩ ማለት ነው?» አለ ባለሙያው። አሁንም ድምፁን አላነሳም። «አላዋቂነት ወንጀል ከሆነ ግማሹ ሀገር ይታሰር።»

«ልክ ነዎት፤ አይበቃም። መለኪያዎን ይስጡኝ።»

ባለሙያው አልተንቀሳቀሰም። መለኪያው ከቀበቶው ላይ ተንጠልጥሏል። ሽማግሌው ቀስ ብለው ተነሡና በሩ ላይ ቆሙ።

«ባትሪ የት ይደበቃል?» አለች ኢንስፔክተሯ። «ባትሪ በሚገባበት ቦታ። መለኪያዎ ሳምንቱን ሙሉ ሞቶ እንደነበር አባባ ያውቃሉ። ትናንት አምስት ተኩል ላይ 'እርጥበት ስለካ ነበር' አሉኝ። በምን? መልሰው ሊያስገቡት አስበው ይሆናል፤ ላቦራንቷ ግን ቀድማ በሩን ከፈተች።»

መለኪያውን ራሷ ከቀበቶው ፈታች። ከኋላ ያለውን ክዳን በጥፍሯ አነሳችና ባትሪውን መዳፏ ላይ ገለበጠችው። ለላቦራንቷ ዘረጋችላት።

«አንብቢው።»

ላቦራንቷ አልነካችውም። ከሥሩ በቀይ ጥፍር ቀለም የተጻፈ ትንሽ ጽሑፍ ነበር።

«የእኔ ጽሑፍ ነው» አለች። «'የክፍል በር፣ ማስጠንቀቂያ።' ቀኑም አለ። የዛሬ ሦስት ሳምንት የቀየርኩት ነው።»

ባለሙያው ባትሪውን ብዙ አየ። ከዚያ እንደ ሸክም ተሸካሚ ትከሻውን አወረደ።

«አሥር ዓመት» አለ። «በየሌሊቱ ቀመር ስቀምር፣ ሌላ ሰው ስሙን ጆንያው ላይ ሲጽፍ ዝም አልኩ። በመጨረሻ ሊጸድቅ ነው፤ አንዲት ሴት በማይክሮስኮፕ ትመጣና ገበሬው ይራባል ትለኛለች። ጊደሮቹን እዩዋቸው! ያምራሉ፣ አያምሩም?»

«ያምራሉ» አሉ ሽማግሌው ከበሩ። «ወተት ግን የላቸውም።»

የኢንስፔክተሯ ስልክ ጠራ። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር።

«ልጅቷን ይዘሻታል?» አለ አለቃዋ።

«አልያዝኳትም፣ ጌታዬ። አልይዛትምም። ሌላ ሰው ይዤ እመጣለሁ፤ ሰው መላኩ አያስፈልግም። መኪና ብቻ ይላኩ።»

«ማን ፈቀደልሽ...»

«ማስረጃው» አለችና ዘጋችው።

ባለሙያውን ከወሰዱት በኋላ ዳይሬክተሩ ላቦራንቷን ኮሪደሩ ላይ አስቆሟት።

«እንግዲህ ይሄ ሁሉ ካለፈ፣ ውጤቱን ለጊዜው ማቆየት ይሻላል» አሉ። «ለጣቢያው ስም፣ ለአንቺም የወደፊት ሕይወት። እኔ አስብልሻለሁ።»

ላቦራንቷ ጋዋኗን ቆለፈች።

«ሰኞ ይወጣል» አለች። «መጀመሪያ ላይ የዶክተሯ ስም ይሆናል። ከሥሩ የእኔ። ከእኔ ሥር የአባቴ፤ በእጃቸው ያገኙትን እኛ በማይክሮስኮፕ ነው ያገኘነው። ካላስደሰተዎት ያባሩኝ። ያኔ ግን ከበረቱ ሆኜ አወጣዋለሁ፤ የከብት ጠባቂ ልጅ ነኝ።»

«ታናግሪኛለሽ እንዲህ?»

«አዎ፣ ጌታው። ዛሬ ጀመርኩ።»

አልፋቸው ሄደች። ከመሳቢያዋ አዲስ ባትሪ አወጣች፣ ከሥሩ በቀይ ቀለም ቀኑን ጻፈች፣ እስኪደርቅ ትንፋሽዋን እፍ አለችበት፤ ከዚያ የማስጠንቀቂያውን ባዶ ሆድ ሞላችና መሞከሪያውን ተጫነችው።

ኢንስፔክተሯ መኪናው ውስጥ ሆና ድምፁን ሰማች። ጩ፣ ጩ፣ ጩ። ከማዶ በረት ጊደሮቹ ደንግጠው ተራወጡ፤ ሽማግሌው እጃቸውን በወገባቸው ይዘው ወደ ሕንፃው ጮኹ፦

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ ጊደሮቼን አስደነገጥሽብኝ!»

ሲጮኹ ግን እየሳቁ፣ ጢማቸው ላይ የተጠለፈውን ጭድ በእጃቸው ጀርባ እየጠረጉ ነበር፤ እጃቸውም እርጥብ ነበር።